የየዕለቱን ድካም ከምንጩ ማድረቅ፦ የአራት ሳምንት መመሪያ

ድካምን የምናክመው በተሰማን ሰዓት ነው፤ ስሕተታችንም እዚያው ላይ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ዓይን ይከብዳል፤ አንዱን አንቀጽ ሦስት ጊዜ አንብበነውም አልገባ ይለናል። ያኔ ቡና እንጠጣለን፣ ጣፋጭ ነገር እንፈልጋለን፣ ፊታችንን በቀዝቃዛ ውኃ እንታጠባለን። ለግማሽ ሰዓት ያህል ነቃ እንላለን። በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ድካሙ ቀጠሮውን አክብሮ ይመጣል፤ የ9 ሰዓቱ ድካም የተደገሰው ትናንት ማታ፣ አንዳንዴም ባለፈው ቅዳሜ ነውና።

እኔ ራሴ ለሁለት ዓመት ያህል ችግሬ የቪታሚን እጥረት ነው ብዬ ክኒን ስገዛ ኖሬያለሁ። ኋላ ላይ በደብተር እየጻፍኩ ሳየው፣ ጥፋተኞቹ ወደ ማታ የምጠጣት ሁለተኛዋ ቡናና ቅዳሜና እሑድ እስከ ረፋድ መተኛቴ ሆነው ተገኙ። ክኒኑ ሽንቴን ቢጫ ከማድረግ በቀር የፈየደልኝ ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ከድካሙ ሰዓት ወደ ኋላ እየቆጠረ ይሄዳል። ከደብተርና ከእርሳስ፣ ምናልባትም ከርካሽ የደወል ሰዓት በቀር የሚገዛ ነገር የለውም። የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው፤ አንዱን ልማድ ሳያጸኑ ወደ ሌላው መዝለል የለም።

መጀመሪያ ድካሙን በስሙ ይጥሩት

«ደከመኝ» የምትለው አንዲት ቃል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ተሸክማለች።

አንደኛው የእንቅልፍ ድካም ነው። ምልክቱ ማሸለብ ነው፤ ስብሰባ ላይ፣ ተሳፍረው ሲሄዱ፣ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት አንገት ይወድቃል። ቀን ላይ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ጋደም ቢሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጭልጥ ይላሉ። ሁለተኛው የጉልበት ድካም ነው። እንቅልፍ የለም፣ ጋደም ቢሉም አይመጣም፤ ነገር ግን ደረጃ መውጣት ያስጨንቃል፣ እግር ይዝላል፣ ትንሽ ሥራ ትልቅ ዕረፍት ይጠይቃል። ሦስተኛው መታከት ነው። ሰውነት ደህና ነው፤ ሆኖም አንዲት መልእክት መመለስ ዳገት ትሆናለች። የሚወዱት ጓደኛ ድንገት ቢመጣ ግን የጠፋው ጉልበት ከተደበቀበት ይወጣል።

መለየቱ ለምን ይጠቅማል? ለመጀመሪያው መድኃኒቱ እንቅልፍ ነው፤ ሌላው ሁሉ ማታለያ ነው። ለሁለተኛው እንቅስቃሴና ምግብ፣ አንዳንዴም የደም ምርመራ ያስፈልጋል። ሦስተኛውን እንቅልፍም ቡናም አይነካውም። ብዙ ሰው ከሦስቱም ትንሽ ትንሽ አለበት፤ የትኛው እንደሚበዛ ማወቅ ግን የት መጀመር እንዳለበት ይነግረዋል።

ሐኪም የሚቀድምበት ጊዜ

ልማድ የማይፈታው ድካም አለ፤ ስለዚህ ይህን ክፍል አይዝለሉት። ከድካሙ ጋር ያልታሰበ ክብደት መቀነስ፣ የሚመላለስ ትኩሳት ወይም ሌሊት ልብስ የሚያርስ ላብ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም፣ ጥቁር ወይም ደም ያለበት ሰገራ፣ ከመጠን ያለፈ ጥማትና ሽንት መመላለስ ካለ መመሪያውን ወደ ጎን አድርገው ወደ ሐኪም ይሂዱ። ሐዘንና ተስፋ መቁረጥ ወይም ደስ ይል የነበረውን ነገር ሁሉ መጥላት ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየም እንዲሁ ነው፤ የመንፈስ ጭንቀት ብዙ ጊዜ የሚመጣው በድካም ልብስ ተሸፍኖ ነው። በሕይወት የመኖር ፍላጎት ማጣት ካለበት ደግሞ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም፤ ዕለቱን ለሚያምኑት ሰው ይናገሩ፣ ዕለቱን ሕክምና ይፈልጉ።

ለድካም የሚታዘዙት የተለመዱ ምርመራዎች ብዙም ውስብስብ አይደሉም። ከእነዚህ መካከል የሄሞግሎቢን መጠን ይገኛል። እርጉዝ ላልሆነች ሴት በዴሲሊትር ከ12 ግራም፣ ለወንድ ከ13 ግራም በታች ሲሆን ደም ማነስ ይባላል። በሰውነት የተቀመጠውን ብረት የሚያሳየው ፌሪቲን ሌላው ነው፤ ሄሞግሎቢን ደህና ሆኖ የብረት ክምችቱ ብቻ የተሟጠጠበት ሰውም ሊደክመው ይችላል። የወር አበባቸው የሚበዛ ሴቶች ይህን ቢያስታውሱት ደግ ነው። የታይሮይድ ዕጢ ሥራ መቀዝቀዝ፣ የስኳር ሕመምና የቪታሚን ቢ12 እጥረትም በደም ይታያሉ። የእንስሳት ተዋጽኦ ጨርሶ የማይመገቡና ለስኳር ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች ለቢ12 እጥረት ይጋለጣሉ።

በደም የማይታይ አንድ ሌባ አለ፤ እርሱም በእንቅልፍ ውስጥ የሚከሰት የትንፋሽ መቋረጥ ነው። በኃይል የሚያንኮራፉ ከሆነ፣ አጠገብዎ የሚተኛ ሰው «ትንፋሽህ ጸጥ ይልና ደንግጠህ ትነሳለህ» ብሎ የሚያውቅ ከሆነ፣ 8 ሰዓት ተኝተውም ራስ ምታት ይዞዎት የሚነሱ ከሆነ ይህ መጠርጠር አለበት። እንዲህ ያለው ሰው የእንቅልፍ ሰዓቱን ቢያረዝምም አይድንም፤ በእያንዳንዱ ሰዓት ብዙ ጊዜ ይነቃል፤ ጠዋት ግን አንዱንም አያስታውሰውም።

የሚወስዷቸውን መድኃኒቶችም ይመልከቱ። አንዳንድ የአለርጂና የደም ግፊት መድኃኒቶች ያደክማሉ። በራስ ፈቃድ ማቆም አይገባም፤ መጠየቅ ግን ይቻላል።

አንደኛ ሳምንት፦ ምንም ሳይቀይሩ መጻፍ

በዚህ ሳምንት ምንም አያሻሽሉ። እንደወትሮዎ ይኑሩና ይመዝግቡ። የተኙበትንና የተነሱበትን ሰዓት፣ ቡናና ሻይ የጠጡበትን ሰዓት፣ ምሳን፣ የእግር ጉዞን ይጻፉ። ከዚያ ረፋድ 4 ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓትና ምሽት 2 ሰዓት ላይ ለጉልበትዎ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይስጡ። በቀን ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። ከደብተሬ አንዱ ገጽ ይህን ይመስል ነበር፦

«ማክሰኞ። ሌሊት 6፡20 ተኛሁ፣ ስልክ ይዤ። ጠዋት 12፡40 ተነሳሁ፤ ደወሉን ሁለት ጊዜ አጥፍቼ። ቡና 2፡30። ምሳ 8 ሰዓት፣ ብዙ በላሁ። ቡና 10፡30። ውኃ መጠጣት ትዝ ያለኝ 10 ሰዓት አካባቢ። ከቤት አልወጣሁም። ነጥብ፦ 3፣ 2፣ 4።»

አሁን እናንብበው። እንቅልፉ 6 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ብቻ ነው። ምሽት ላይ ነጥቡ ወደ 4 መውጣቱ ደግሞ ደህና ነገር ይመስላል፤ አይደለም። ቀኑን ሙሉ የዛለ ሰው ሊተኛ ሲገባው ነቃ ካለ፣ የውስጥ ሰዓቱ፣ ማለትም መቼ መተኛትና መቼ መንቃት እንዳለብን የሚወስነው የሰውነት ሰዓት፣ ዘግይቷል ወይም የ10፡30ዋ ቡና ገና እየሠራች ነው። ያው ደብተር ዓርብ ሌሊት 8 ሰዓት ተኝቼ ቅዳሜ ረፋድ 4፡30 እንደተነሳሁ ያሳያል። የማክሰኞ እንቅልፌ እኩሌታ ሌሊት 9፡30 ላይ ነበር፤ የቅዳሜው 12፡15 ላይ ነው። በመካከላቸው ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ልዩነት አለ። ሰውነቴ በየሳምንቱ ሦስት የሰዓት ክልል አቋርጦ እንደበረረ መንገደኛ ሰኞ ጠዋት ግራ ተጋብቶ ይነሳ ነበር። እኔ ደግሞ ሰኞን እወቅስ ነበር።

እርስዎም ሳምንቱ ሲያልቅ ሦስት ነገር ያስሉ፦ አማካይ የእንቅልፍ ርዝመት፣ በሥራና በዕረፍት ቀን መካከል ያለው የመነሻ ሰዓት ልዩነት፣ የመጨረሻው ቡና ወይም ሻይ ሰዓት። የሚቀጥለው ሳምንት ሥራ ከእነዚህ ይነሳል።

ሁለተኛ ሳምንት፦ የመነሻ ሰዓትን መትከል

ብዙዎች እንቅልፋቸውን ለማስተካከል ከመኝታ ሰዓት ይጀምራሉ። ማታ 4 ሰዓት ላይ አልጋ ውስጥ ገብተው ጣሪያ ሲያዩ ያመሻሉ፤ ይናደዳሉ፤ ንዴቱ ደግሞ የባሰ ያነቃቸዋል። እንቅልፍ በትእዛዝ አይመጣም። መነሳት ግን በትእዛዝ ይሆናል። ስለዚህ የምንይዘው ጫፍ የጠዋቱን ነው።

ምክንያቱን ማወቅ ይረዳል። እንቅልፍን የሚያመጡ ሁለት ኃይሎች አሉ። አንዱ አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ነቅተን በቆየን ቁጥር በአንጎል ውስጥ ይከማችና የእንቅልፍ ፍላጎትን ያሳድጋል፤ ስንተኛ ይቀንሳል። ሌላው በአንጎል ውስጥ ያለው የውስጥ ሰዓት ነው፤ መቼ መንቃት፣ መቼ መቀዝቀዝ እንዳለብን የሚወስን። ሴሎች ይህን ሰዓት የሚቆጥሩበትን አሠራር የፈቱት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ እ.ኤ.አ. በ2017 የሕክምና ኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። የውስጥ ሰዓቱን በየቀኑ የሚያስተካክለው ከሁሉ በላይ ብርሃን ነው። በተወሰነ ሰዓት ተነስቶ ብርሃን ያየ ሰው አዴኖሲኑም በጊዜ መከማቸት ይጀምራል፣ ሰዓቱም ይጠበቃል፤ ማታ እንቅልፉ ራሱ ይፈልገዋል።

አድራጎቱ እንዲህ ነው። በሥራ ቀን መነሳት ያለብዎትን ሰዓት ይውሰዱ፤ 12፡30 እንበል። ሰባቱንም ቀን በዚያው ይነሱ። በዕረፍት ቀን ቢበዛ አንድ ሰዓት ማለፍ ይፈቀዳል። ስልኩን ከአልጋ ርቆ፣ ቆመው ካልሄዱ የማይደረስበት ቦታ ያስቀምጡት። ሲነሱ መጋረጃውን ይክፈቱና ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ለ20 ደቂቃ ያህል ደጅ ይውጡ። «መስኮት አጠገብ እቀመጣለሁ» ማለት አይተካውም። የተለመደ የቤት ወይም የቢሮ መብራት ከ100 እስከ 500 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ቢሰጥ ነው፤ ደጁ በደመና ቀን እንኳ ብዙ ሺህ ሉክስ ይሰጣል። ዓይናችን ልዩነቱ ይህን ያህል መሆኑን አያሳውቀንም፤ የውስጥ ሰዓቱ ግን ያውቀዋል።

ከእንቅልፍ በተነሱ በመጀመሪያዎቹ ከ15 እስከ 30 ደቂቃዎች ውስጥ የሚሰማዎትን ስሜት አይመኑት። አንጎል ከእንቅልፍ በአንድ ጊዜ አይወጣም፤ ድንዛዜው ለሁሉም ሰው ያለ ነው። «ዛሬማ አልተኛሁም፣ ቀኑ ተበላሸ» የሚለው ፍርድ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው በእነዚህ ደቂቃዎች ነው፤ ችሎቱ ግን ገና አልተሟላም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ይከብዳሉ፤ አልዋሽዎትም። ከዚያ ማታ በጊዜ ዓይን መክበድ ይጀምራል። ያኔ የመኝታ ሰዓቱን በየሁለትና ሦስት ሌሊቱ 15 ደቂቃ ብቻ ቀደም ያድርጉት። በአንዴ ሁለት ሰዓት ማስቀደም አይሠራም፤ ከለመድነው የመኝታ ሰዓት በፊት ያሉት ጥቂት ሰዓታት ሰውነት በጣም የሚነቃባቸው ናቸው። 12፡30 የሚነሳና 7 ሰዓት ተኩል መተኛት የሚፈልግ ሰው ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ተኝቶ መገኘት አለበት፤ ይህም ማለት 4፡45 አልጋ ላይ፣ ከ4 ሰዓት ጀምሮ ደግሞ መብራት ቀንሶ ማረፍ ማለት ነው።

ስንት ሰዓት ይበቃል? ለአዋቂ ሰው የሚመከረው ቢያንስ 7 ሰዓት ነው። «እኔ በስድስት ሰዓት ለምጃለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ሰዎችን ለ14 ሌሊት በ6 ሰዓትና ከዚያ ባነሰ እንቅልፍ አቆይቶ ነበር። በመጨረሻ በትኩረት ፈተና ላይ ያሳዩት ድክመት እስከ ሁለት ሌሊት ጨርሶ ሳይተኛ ከቆየ ሰው ጋር የሚተካከል ሆነ። የሚያስገርመው ይህ አይደለም፤ የሚያስገርመው ሰዎቹ ድክመታቸው እየጨመረ ሲሄድ ራሳቸው እምብዛም አለማወቃቸው ነው። የለመዱት ድካሙን እንጂ የእንቅልፍ ማነሱን አልነበረም።

ሦስተኛ ሳምንት፣ የመጀመሪያው እኩሌታ፦ ቡናን በሰዓቱ

ቡና ጠላት ነው የሚሉ መመሪያዎች አሉ። እኔ ከእነርሱ አይደለሁም። ችግሩ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው።

ካፌይን ጉልበት አይሰጥም። አዴኖሲን «ደክመሃል» ብሎ የሚያንኳኳበትን ቀዳዳ ይደፍናል እንጂ አዴኖሲኑን አያጠፋውም። ከደጅ መከማቸቱን ይቀጥላል፤ ካፌይኑ ሲለቅ ተሰብስቦ የቆየው በአንድ ላይ ይገባል። የካፌይን እኩሌታ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ወደ ደብተሬ ልመልስዎት፦ 10፡30 የጠጣኋት ቡና ምሽት 3፡30 ላይ ገና እኩሌታዋ በደሜ ውስጥ ነበረች፤ ሌሊት 8፡30 ላይ ሩቧ ነበረች። በዚያ ሰዓት ሩብ ሲኒ ቡና አፍልቶ የሚጠጣ ሰው ቢያዩ ምን ይሉታል?

«እኔን ቡና ከእንቅልፍ አይከለክለኝም» የሚል ሰውም እውነቱን ነው፤ እንቅልፍ ይወስደዋል። ነገር ግን ጥልቁ እንቅልፍ ይሳሳል፤ ጠዋት ሳይጠግብ ይነሳል፤ የሚጠግብበትን በቡና ይፈልጋል። ክቡ የሚዘጋው እንዲህ ነው። እርጉዝ ሴቶችና የወሊድ መከላከያ ክኒን የሚወስዱ ሴቶች ካፌይን ከሰውነታቸው ሲወጣ ከሌላው ሰው ይዘገያል፤ የእነርሱ የመጨረሻ ሲኒ ከሌላው ሰው መቅደም አለበት።

ሕጉ ቀላል ነው፦ ከመኝታ በፊት ባሉት 8 ሰዓታት ካፌይን የለም። 5 ሰዓት ለሚተኛ ሰው የመጨረሻው ሲኒ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ነው፤ 8 ሰዓት ቢሆን ይሻላል። ሻይ፣ ኮላና የኃይል መጠጥ ሁሉ ይቆጠራሉ። ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊግራም ካፌይን ጉዳት እንደሌለው ይታመናል፤ ለእርጉዝ ከ200 ባይበልጥ ይመከራል። አንድ መካከለኛ ስኒ ቡና እንደ አፈላሉ ከ80 እስከ 100 ሚሊግራም ይይዛል።

ብዙ የሚጠጡ ከሆነ በአንድ ቀን አያቁሙ። በ12 እና በ24 ሰዓት መካከል ራስ ምታቱ ይጀምራል፤ ከአንድ ሳምንት በላይም ሊቆይ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ተሸንፎ ይመለሳል። በየሁለት ሦስት ቀኑ ግማሽ ሲኒ ይቀንሱ፤ ከመጨረሻዋ ይጀምሩ።

ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ያለቡና ዓይን ሲከብድስ? ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ማሸለብ ይቻላል፤ ደወል ሞልተው፣ ከ9 ሰዓት ባላለፈ ጊዜ። ከ30 ደቂቃ ካለፈ ከጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ስለሚነቁ ከነበሩበት የባሰ ደንዝዘው ይነሳሉ። ማታ እንቅልፍ እንቢ የሚለው ሰው ግን የቀኑን ሙሉ በሙሉ ቢተወው ይሻላል። መኪና እየነዱ ዓይን ከከበደ መስኮት መክፈትና ሙዚቃ መጨመር ከንቱ ናቸው፤ ዳር ይዘው ይቁሙ። 17 ሰዓት ያህል ነቅቶ የቆየ ሰው የምላሽ ፍጥነቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ተመሳስሎ ተገኝቷል።

ሦስተኛ ሳምንት፣ ሁለተኛው እኩሌታ፦ ማታ

ክፍሉ ጨለማ፣ ጸጥ ያለና ቀዝቀዝ ያለ ይሁን፤ ለመተኛት የሰውነት ሙቀት ትንሽ መውረድ አለበት። ስልክን በተመለከተ ብዙ የሚወራው ስለ ሰማያዊ ብርሃኑ ነው። በእኔ አስተያየት ከብርሃኑ ይልቅ የሚያነቃው ውስጡ ያለው ነው፦ ክርክር፣ መጥፎ ዜና፣ መጨረሻ የሌለው ቪዲዮ። ቀለም የሚቀይር መተግበሪያ ጭኖ ክርክር ማንበብ ትርጉም የለውም። ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር፤ ለመነሻ ርካሽ የደወል ሰዓት ይበቃል።

አልኮል የሚያስተኛ ይመስላል። በእርግጥ ቶሎ ያስተኛል፤ ነገር ግን የሌሊቱን ሁለተኛ እኩሌታ ይቆራርጠዋል።

ሐሳብ የሚያስቸግርዎ ከሆነ ደግሞ ከመተኛትዎ በፊት 5 ደቂቃ ወስደው የነገውን ሥራ ዝርዝር በወረቀት ይጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተደረገ ጥናት የነገ ሥራቸውን የጻፉ ሰዎች፣ የሠሩትን ሥራ ከጻፉት 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንደተኙ አሳይቷል። ዝርዝሩ በደንብ በተብራራ ቁጥርም እንቅልፉ ቶሎ መጥቷል። «ሪፖርት» ብለው አይተዉት፤ «የሪፖርቱን ሁለተኛ ሠንጠረዥ ከ3 ሰዓት በፊት ማረም» ብለው ይጻፉ። አንጎል የሚፈራው እንዳይረሳው ነው፤ ተጽፎ ሲያየው ይለቃል።

20 ደቂቃ ያህል እንቅልፍ ካልመጣ ከአልጋ ይውጡ። ደብዛዛ መብራት ውስጥ የሚያሰለች ነገር ያንብቡ፤ ዓይን ሲከብድ ይመለሱ። ሰዓት አይዩ። አልጋ የመገላበጫ ቦታ መሆኑን ሰውነት ከለመደ ለማስረሳት ጊዜ ይፈጃል።

አራተኛ ሳምንት፦ እየደከሙ መንቀሳቀስ

ለደከመው ሰው «ተንቀሳቀስ» ማለት ስድብ ይመስላል። እኔም ስሰማው ይከፋኝ ነበር። ግን ነገሩ እውነት ነው፤ እንዲያውም ትንሹ እንቅስቃሴ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2008 የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዘወትር ድካም የሚሰማቸውን፣ ስፖርት የማይሠሩ ወጣቶችን በሳምንት ሦስት ጊዜ ለ20 ደቂቃ ብስክሌት አስነዷቸው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ቀለል ባለ ፍጥነት የነዱት የድካም ስሜታቸው 65 በመቶ ቀነሰ፤ ጠንከር ባለ ፍጥነት የነዱት 49 በመቶ። ቀላሉ በለጠ ማለት ነው። ጥናቱ ትንሽ ነበር፤ የሚነግረን ነገር ግን ጠቃሚ ነው፦ ላብ በላብ መሆን ግዴታ አይደለም።

በመጀመሪያው ቀን 10 ደቂቃ ይራመዱ። አምስት ደቂቃ ሄደው መመለስ ነው። በየሦስት ቀኑ ሁለት ደቂቃ ይጨምሩ። እያወሩ መራመድ የሚችሉበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትዎ ፍጥነት ትክክለኛው ነው። ከጠዋቱ ብርሃን ጋር ካዋሃዱት በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ነው፤ ያ በወራት የሚደረስበት እንጂ በአራተኛ ሳምንት የሚጠየቁት አይደለም። ተቀምጠው የሚሠሩ ከሆነ በየሰዓቱ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቁሙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ትንሽ በተንቀሳቀሱ ቁጥር በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን አልጋ ላይ የሚጥል ከባድ ድካም የሚከተልዎ ከሆነ ይህን ክፍል አይከተሉ። ይህ መግፋት የሚያባብሰው የሕመም ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ያማክሩ።

ምግብን በአጭሩ። ከምሳ በኋላ የሚመጣው ድብታ ከፊሉ የምግቡ አይደለም፤ የውስጥ ሰዓቱ ራሱ በዚያ ሰዓት ዝቅ ይላል፣ ምሳ ያልበላ ሰውም ይሰማዋል። ትልቅና በስኳር ወይም በተፈተገ ዱቄት የተሞላ ምሳ ግን ያከብደዋል። ምሳን በመጠን ያሳንሱ፤ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሥጋ ወይም ጥራጥሬ ይኑርበት፤ ቅጠላ ቅጠል ይጨመርበት። ብረት ከጥራጥሬና ከአረንጓዴ ቅጠል የሚያገኝ ሰው ሎሚ፣ ብርቱካን ወይም ቲማቲም ቢያክልበት ብረቱ በደንብ ይገባል፤ ሻይና ቡና ከምግቡ ጋር ሲጠጡ ደግሞ ይከለክሉታል፣ አንድ ሰዓት ያቆዩአቸው። ውኃን በተመለከተ «ስምንት ብርጭቆ» የሚለውን ቁጥር መጨነቂያ አያድርጉት። ሽንትዎ ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ በቂ ነው፤ ከጠቆረ ይጠጡ።

መታከትን ለብቻው

ሰውነት ተኝቶ፣ በልቶ፣ ተንቀሳቅሶም ልብ የታከተ ከሆነ የሚታየው የቀኑ አሠራር ነው። አንድ ሰዓት ብቻ ይሞክሩ፦ ስልኩ ድምፁ ተዘግቶ ሌላ ክፍል፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሥራ። ከዚያ በየአምስት ደቂቃው መልእክት እያዩ ከሠሩበት ሰዓት ጋር ያነጻጽሩት። የሚያደክመው የሥራው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚደረገው መመላለስ ነው። በተመላለስን ቁጥር አንጎል የት እንደቆመ እንደገና መፈለግ አለበት።

ቀጥሎ ለሳምንት ያህል ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ፦ «ዛሬ ጉልበቴን የወሰደው ምንድን ነው?» ብዙ ጊዜ መልሱ የተቋረጠ ንግግር፣ ሳይወዱ የተሰጠ እሺታ፣ ለወራት የተንጠለጠለ አንድ ጉዳይ ነው። አንዱን ብቻ መርጠው ይጨርሱት ወይም በግልጽ ይተዉት። ጨቅላ ሕፃን ለሚያሳድጉ፣ የታመመ ሰው ለሚያስታምሙ፣ በሌሊት ፈረቃ ለሚሠሩ ደግሞ ይህ ሁሉ ምክር ግማሹ ቅንጦት መሆኑን አውቃለሁ። ለእነርሱ የሚጠቅመው ራስን ማሻሻል ሳይሆን ሸክም መጋራት ነው፤ በሳምንት ሁለት ሌሊት ሌላ ሰው ተረክቧቸው ያልተቆረጠ እንቅልፍ ቢያገኙ ከላይ ከተጻፈው ሁሉ ይበልጣል።

ሃያ ስምንተኛው ቀን ላይ

ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ይክፈቱት። የአንደኛውን ሳምንት የ9 ሰዓት ነጥቦች ደምረው ለሰባት ያካፍሉ፤ የአራተኛውንም እንዲሁ። የእኔ ከ2.1 ወደ 3.4 ነበር የወጣው፤ ተአምር አይደለም፣ ግን አንቀጹን አንድ ጊዜ አንብቤ የምረዳበት ልዩነት ነበር። ነጥቡ ከፍ ካለ የትኛው ለውጥ እንዳመጣው ከቀኖቹ ጋር ያመሳክሩ፤ ሌላው ቢላላ እንኳ እርሱን አጥብቀው ይያዙ። 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ እየተኙ፣ በአንድ ሰዓት እየተነሱ፣ ቡናውም በጊዜው እየቆመ ነጥቡ ካልተነቃነቀ ግን ልማድዎን መውቀስ ያቁሙና ደብተሩን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። «ይደክመኛል» ብለው ከመጀመር ይልቅ ገጾቹን ይክፈቱለት፤ መቼ እንደሚተኙ፣ ስንት ሰዓት እንደሚተኙ፣ ድካሙ በየትኛው ሰዓት እንደሚብስ እዚያ ላይ አለ፤ ቀጥታ ወደ ምርመራው መግባት ይችላል።